ከይሪያ ተማሪዋን ያስረከበችበት መስከረም

የካ ላይ የመኪናው መንገድ አልቆ የእግር መንገዱ በባሕር ዛፉ መሐል ወደ እንጦጦ መውጣት በሚጀምርበት ቦታ አንዲት የጭቃ ቤት ነበረች። ቆርቆሮዋ የዛገ፣ አጥሯ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ፣ ከጎረቤቶቿ በምንም የማትለይ ቤት። ግን ጠዋት ጠዋት ነጅመዲን ሾላ ገበያ ያለችውን የቅመማ ቅመም ሱቁን ሊከፍት ከወረደ በኋላ፣ ሚስቱ ከይሪያ ቤቷን ጠርጋ፣ እጇን ታጥባ፣ ሻሿን አጥብቃ ደጃፉ ላይ ትቆምና ሦስት ጊዜ ታጨበጭብ ነበር። ደወሉ ያ ነው። ትምህርት ቤቱ ቤቷ፣ መምህሯ እሷ፣ ተማሪዋም አንዲት ብቻ፤ ልጇ ዘሙሩድ።

ዘሙሩድን በሕፃንነቷ የልጅነት ልምሻ ግራ እግሯን ይዟት፣ ከዚያ ወዲህ በምርኩዝ ነበር የምትሄደው። ሰባት ዓመት ሲሞላት ከይሪያ አዝላት ወደ ቀበና አቅጣጫ ወዳለው ትምህርት ቤት ወረደች። በጊዜው የነበረው ኃላፊ ከልጅቷ ፊት ይልቅ እግሯን ነው ያየው። ግቢው ጭቃ ነው፣ ደረጃው ብዙ ነው፣ ልጆች ገፍተው ቢጥሏት ማን ይጠየቃል፣ ጠንከር ስትል አምጫት አላት። ከይሪያ ልጇን መልሳ አዘለችና ዳገቱን ወጣች። አላለቀሰችም። ቤት እንደደረሰች ልጇን አውርዳ፣ ከምድጃው አንድ ከሰል አንስታ፣ ግድግዳው ላይ «ሀ» ብላ ጻፈች። ያ «ሀ» ሰው የሚያህል ነበር ይባላል።

ራሷ የተማረችው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የታወጀ ጊዜ ግን ቀበሌው አስተማሪ ፍለጋ ሲዞር በፈቃዷ ከቀረቡት አንዷ እሷ ነበረች፤ የሽማግሌዎችን የደረቀ ጣት በጣቷ ይዛ ፊደል አስጽፋለች። ሽበታም ሰው ያስተማረ ሰው ልጁን ማስተማር ያቅተዋል? አላቃታትም። ክፍልፋይን በቆጮ አስተማረቻት፤ ክቡን ቆጮ ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት እየቆረጠች፣ ትክክል የመለሰችውን ቁራሽ ልጅቷ ትበላለች። ሚዛንን ከአባቷ ሱቅ ተማረች። ንባብን ደግሞ ከበርበሬ መጠቅለያ፤ ነጅመዲን ለመጠቅለያ የሚገዛው አሮጌ ጋዜጣ ሁሉ አስቀድሞ በዘሙሩድ እጅ ያልፍ ነበር። ሾላ ላይ ከሱ ዘንድ እርድና ኮረሪማ የሚገዛ ሁሉ፣ ሳያውቀው፣ አንዲት ልጅ አንብባ የጨረሰችውን ዜና ይዞ ነበር ወደ ቤቱ የሚገባው።

በሦስተኛው ዓመት ከይሪያን ፍርሃት ያዛት። የምታውቀው እያለቀ ነበር። እህል ከጎታ ሲጨልፉ ቆይተው አንድ ቀን ጣሳው ወለሉን ሲነካ የሚሰማ ድምፅ አለ፤ እሷም ያንን ድምፅ በራሷ ውስጥ ሰማች። ዘሙሩድ ትጠይቃለች፣ እናትየው ነገ እነግርሻለሁ ትላለች፤ ነገ ሲመጣ ግን የምትነግራት የላትም።

ያኔ ነው ሕጉን ያወጣችው። ዒድ አልፈጥር ዋዜማ ላይ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ላከችበት። በበዓል ቀን ወደዚህ ቤት የሚመጣ ሰው ለልጅቷ ሳንቲም አይስጣት፣ ከረሜላም አይያዝላት፤ የሚያውቀውን አንድ ነገር ያስተምራት። እንግዳ ሲገባ ጠያቂዋ ዘሙሩድ ናት፤ እንግዳው አስተምሮ እስኪጨርስ ሳህን አይቀርብለትም።

የነጅመዲን ታላቅ እህት ፋዲላ ይህን ስትሰማ ሳቀች። ፋዲላ ቤተሰቡ ሁሉ የሚፈራት፣ አንደበቷ እንደ ሚጥሚጣ የሆነ ሴት ናት። «ቀበሌ እንኳ ስኳሩን በኩፖን ይሰጣል እንጂ በጥያቄ አይሰጥም» አለች። «ይልቅ ስፌት አስተምሪያት። ልጅቱን ሚኒስትር ልታደርጊያት ነው?»

ሕጉ ግን ያዘ። የጭነት መኪና ሹፌሩ ሳልህ ጭልፋና ሰፌድ ይዞ ማርሽ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ለምን እንደሚግል አስረዳት። ከእንጦጦ በአህያ እንጨት የሚያወርደው በዳዳ የዛፎችን ስም በኦሮምኛ፣ የትኛው በእርጥቡ እንደሚነድ፣ የትኛው ዓይን እንደሚያቃጥል ነገራት። ጤና ጣቢያ የምትሠራው አሳየች ክርስቲያን ብትሆንም የመውሊድ ዕለት መጥታ የልብ ትርታ በእጅ አንጓ ላይ መቁጠር አስተማረቻት፤ ዘሙሩድ ያን ቀን የእንግዳውን ሁሉ እጅ እየያዘች ስትቆጥር ዋለች። በዓል በመጣ ቁጥር የልጅቷ ጎታ በማያውቋቸው እህሎች ይሞላ ጀመር። ከይሪያም አጠገቧ ተቀምጣ፣ እንግዳ የምታስተናግድ መስላ፣ አብራ ትማር ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ዘመን መለወጫ ሰሞን፣ የሠፈሩ ሴቶች ልጆች በየደጁ «አበባየሆሽ» እያሉ ባለፉ ማግስት፣ ጎረቤቷ እታገኝ ወሬ ይዛ መጣች። የእታገኝ ልጆች የሚማሩት እዚያው ቀበና ነው። አዲስ ዳይሬክተር ተሹሟል፣ ለይኩን ይባላል፣ ሰው ያዳምጣል አለች።

ከይሪያ ሄደች። ለይኩን በእርግጥ አዳመጣት። ደንቡን ሳይደብቅ ነገራት፤ የትምህርት ማስረጃ የሌላት ልጅ መግባት ያለባት አንደኛ ክፍል ነው። ነገር ግን ራሱ ፈትኖ በቂ ሆና ካገኛት፣ በሚመጥናት ክፍል ሊመዘግባት ይችላል። ምዝገባው ሰኞ ይዘጋል። ልጅቷ ዳገቱን እንዳትወርድ እሱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይመጣል።

ዓርብ ሲል ከይሪያ አፏን ከፈተች፣ መልሳም ዘጋችው። ዓርብ የሴቶች አረፋ ነበር። ግን ሌላ ቀን ስጠኝ ብትለው፣ ሌላ ቀን ባይኖረውስ?

ማታ ለዘሙሩድ ነገረቻት። ልጅቷ ሰምታ፣ «ከወደቅሁ አንደኛ ክፍል ነው?» አለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ቁመቷም ወጥቷል።

«አንደኛ ክፍል ነው።»

«ከሕፃናት ጋር ተቀምጬ ሀ ሁ አልልም፣ እማ። እዚሁ እቀራለሁ።»

ከይሪያ ልጇን ታውቃታለች፤ አልልም ካለች አትልም። እዚህ ከቀረች ደግሞ እናትየው የምትሰጣት ብዙ እንዳልቀረ ታውቃለች። ስለዚህ ያች የዓርብ ከሰዓት የአራት ዓመት ድካሟ ማለፊያ ወይም መቅሪያ ሆነች።

የሴቶች አረፋ በዚያ ቤት ትልቅ ቀን ነው። ከስልጤ ምድር ይዘውት የመጡት ወግ ነው፤ ከአረፋ አንድ ቀን ቀድሞ ሴቶቹ ተሰብስበው አተካና ይሠራሉ፣ ቡላው ከወተትና ከተነጠረ ቅቤ ጋር በትልቅ ድስት ቀስ እያለ እየተማሰለ። ወንዶቹ የነገውን በሬ እናያለን ብለው ከቤት ይወጣሉ። በዚህ ዓመት ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር ሆነ። ሙስሊሞቹ ሴቶች የአረፋን ጾም ይዘዋል፣ መግሪብ ሳይደርስ አይቀምሱም። ልታግዝ የመጣችው እታገኝ ደግሞ ዓርብ ነውና ወተትና ቅቤ አትነካም። ያን ሁሉ ቅቤ የምታማስለው ሴት ሁሉ ጿሚ፤ ቀማሿ ዘሙሩድ ብቻ። በየጊዜው ፋዲላ ማንኪያውን ትዘረጋላታለች፣ ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ታጣጥማለች፣ ከዚያ እንደ ዳኛ ትፈርዳለች፤ ጨው አንሶታል፣ ይብቃው፣ እሳቱ በዝቷል።

ለይኩን በዚህ መሐል ደረሰ። የመስከረም ጭቃ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ይዞታል፣ ብብቱ ሥር አቃፊ አለ። በሩ ላይ ቆሞ ሴቶቹን፣ ድስቱን፣ የቅቤውን ቅል ሲያይ መሄድ አለመሄዱን ያመነታ ይመስል ነበር። ከይሪያ ሮጣ ወንበር አቀረበችለት። ፋዲላ ከማማሰያዋ ቀና ብላ፣ «በሴት አረፋ የመጣ ወንድ በእኛ ቤት አልታየም ነበር» አለች፤ «ደግነቱ ጓድ ዳይሬክተር ናቸው፣ ወንድ አይባሉም» ብላ ሴቶቹን አሳቀቻቸው። እሱም ሳቀ። ይቅርታ ጠየቀ፣ በዓል መሆኑን አላውቅም ነበር አለ፣ ቶሎ ጨርሶ እንደሚሄድም ነገራቸው።

ዘሙሩድ ምርኩዟን ይዛ መጥታ ፊቱ ተቀመጠች። ለይኩን አቃፊውን ከፈተና በለዘበ ድምፅ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቃት፤ ስምንት ጊዜ ሰባት።

ልጅቷ ዝም አለች።

ሌላ ጠየቃት፣ ቀለል ያለ። አሁንም ዝም። ግን እንደ ፈራ ልጅ አላቀረቀረችም፤ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች፣ አንድ ነገር እንደምትጠብቅ። ከይሪያ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ታያለች። ይህችማ ሰባትን በስምንት በእንቅልፏ የምታባዛ ልጅ ናት። ምን ነካት? በመጨረሻ ዘሙሩድ አፏን ስትከፍት ከይሪያ ነገሩ ገባት፣ ሲገባትም መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት ወደደች።

«እርስዎ ምን ይዘው መጡ?» አለችው ልጅቷ።

ለይኩን አቃፊውን ተመለከተ። «የፈተና ጥያቄ ነዋ።»

«እሱ የኔ ሥራ ነው። የእርስዎስ?»

ማንም ልጅቷን የበዓሉ ሕግ ዛሬ አይሠራም አላላትም ነበር። ያቺ በየበዓሉ እንግዳ በገባ ቁጥር ጠያቂዋ አንቺ ነሽ ተብላ ያደገች ልጅ፣ በበዓል ቀን እንግዳ መጥቶ ቀድሞ ሲጠይቃት፣ ወጉን የሳተው እሱ እንደሆነ ነው ያሰበችው፤ በትሕትናም እስኪያርመው ትጠብቀው ነበር። ከይሪያ ልትነግረው ወደ ፊት ተራመደች። ግን ፋዲላ ቀደመቻት። ሕጉ ከወጣ ጀምሮ ስታሾፍበት የኖረችው ፋዲላ፣ ማማሰያዋን እንደያዘች ዞራ፣ «ጓድ፣ በዚህ ቤት እንዲህ ነው» አለችው። «በበዓል የገባ ሰው አንድ ነገር ሳያስተምራት አትመልስለትም። እኔን የሚያህል ሴት አስጠንታለች። የሚያውቁት ነገር ካለ ይንገሯት፤ ከሌለም እናዝናለን።»

ቡላው ብቻ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ዳይሬክተር በገዛ ጥያቄው ፊት መልሶ ሲጠየቅ ሊቆጣ ይችላል፤ ከይሪያም የጠበቀችው ይህንኑ ነው። ለይኩን አቃፊውን ዘጋ፤ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው፤ በደጁ ወደ ውጭ አየ።

«ያን ባሕር ዛፍ ሳትወጪበት ቁመቱን መለካት ትችያለሽ?» አላት።

«ማን ይችላል?»

«ምርኩዝሽን አምጪያት።»

ሁሉም ወጡ፤ እታገኝ እንኳ ድስቱን ከእሳቱ ላይ አውርዳ ወጣች። ዛፉ የቆመው ግቢው አልቆ መሬቱ ወደ ጅረቱ መውረድ በሚጀምርበት ጫፍ ላይ ነው። ፀሐይ ከራስ በላይ ዘንበል ብላለች። ለይኩን ምርኩዙን የግቢው ሜዳ ላይ ቀጥ አድርጎ አቆመ፤ ዘሙሩድ የፋዲላን ትከሻ ተደግፋ ቆመች። የምርኩዙ ጥላ የምርኩዙን ግማሽ ሆነ። እንግዲህ አሁን የማንኛውም ነገር ጥላ የራሱ ግማሽ ነው፤ የዛፉን ጥላ ለክተን እጥፍ ብናደርገው ቁመቱን እናገኛለን አላት። ጥላውን በምርኩዙ እየለካ ቁልቁል ሄደ፣ እሷ ጮክ ብላ ቆጠረችለት፤ ስምንት ምርኩዝ።

«ስለዚህ?»

«አሥራ ስድስት» አለች ወዲያው። ሴቶቹ አጉረመረሙ፣ አንዷ ማሻአላህ አለች። ዘሙሩድ ግን ፊቷ አልፈታም። ዛፉን አየች፣ ጥላውን አየች፣ ከዚያ እግሯ ሥር ያለውን ሜዳ።

«አይደለም» አለች።

«ምኑ?»

«ጥላው ቁልቁለት ላይ ነው የወደቀው። የምርኩዜ ደግሞ ሜዳ ላይ።» ትንሽ አሰበች። «ወደ ጅረቱ ስወርድ ምርኩዜ መሬቱን ቶሎ አያገኘውም። መሬቱ ይሸሻል። ጥላውም እንደዚያው እየሸሸበት ረዝሟል። ዛፉ ከአሥራ ስድስት ያንሳል።»

ለይኩን ዛፉን ቀና ብሎ አየው። እንዴት ያለ ነገር ነው፤ ሌላው ሰው በመጽሐፍ የሚደርስበትን ይህች ልጅ በየቀኑ በአካሏ ስትወርደው ኖራለች። ልምሻው የወሰደባትን እግር ምርኩዙ እንዲህ አድርጎ ይክሳት ነበር።

«ይህን ለሰባተኛ ክፍል ነው የማስተምረው» አለ ቀስ ብሎ። «ሜዳ ላይ ባለ ዛፍ። ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ምርኩዙንም ቁልቁለቱ ላይ እናቁመዋ። ሁለቱም እኩል ይሽሻቸው።»

ለይኩን ወርዶ ምርኩዙን ቁልቁለቱ ላይ አቆመው። ጥላው እውነትም ረዘም አለ። ጥላው አሁን የምርኩዙ ድፍን ግማሽ ስላልሆነ ሁለቱ መሬት ላይ ተቀምጠው በጭቃው ላይ በእንጨት እየጻፉ ያካፍሉ ጀመር፣ የዳይሬክተሩ ሱሪ ምኑም አልተረፈም። ከይሪያ ከላይ ቆማ ታያቸው ነበር። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር እያበጠ መጣ፤ ስሙን ለማወቅ ጊዜ ወሰደባት። ኩራት ነበር።

ሲጨርሱ ዘሙሩድ እጇን አራግፋ፣ «በሉ፣ አሁን ተራው የእርስዎ ነው» አለችው።

ከዚያ በኋላ ጠየቃት። ማባዛቱን፣ ማካፈሉን፣ ክፍልፋዩን ጠረገችው። ካመጣው መጽሐፍ አንድ ገጽ ሳትደናቀፍ አነበበች። ከክፍለ ሀገራት ዋና ከተሞች አንዳንዶቹን ሳተች፤ ሳልህ በመኪናው የማይሄድባቸውን። ትምህርት ቤት ውስጥ ስላለ ሥርዓት ሲጠይቃት፣ ሰልፍ ታውቂያለሽ ወይ አላት፤ እሷም የስኳሩን ነው የዘይቱን ብላ መለሰች፣ ፋዲላ ለመሳቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አምስተኛ ክፍል» አለ ለይኩን ተነሥቶ፣ ለከይሪያ። «ሰኞ አምጫት። የመማሪያ ክፍሉን ወደ ምድር ቤት አስወርደዋለሁ።» ከዚያ አቃፊውን ብብቱ ሥር እያገባ፣ «ያስተማራት ማን ነው?» አላት።

ከይሪያ ሴቶቹን አየቻቸው፤ ሁሉም እሷን ያያሉ። «እኔ ነኝ» አለች፣ ቃሉ በአፏ ውስጥ አዲስ ሆነባት። «ሲያልቅብኝ ደግሞ፣ እነሱ።»

እልልታው የካን ያቀለጠው ያኔ ነው። ፋዲላ ሙሉ ሳህን አተካና ይዛ መጣችና አፉ ሥር አቀረበችለት፤ ለይኩን ግን ሆዴን እያመመኝ ነው አለ። ሆዱን አልያዘም። እታገኝን ሳቋ ትን አላት። «ጓድ» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የእኔንም ሆድ ዓርብ ዓርብ ያመዋል፤ ለነገ በዕቃ እናስይዝዎታለን።» ዳይሬክተሩ ዙሪያውን አየ፣ እዚያ ይጾማል ብሎ የሚከሰው ሰው አልነበረም፤ ዕቃውን ይዞ ቁልቁለቱን ወረደ።

ነጅመዲን ማታ ሲመለስ ወሬውን ከሾላ እስከ ደጃፉ ሦስት ሰው ነግሮታል። ያልሰማ መስሎ ገባ፣ ፊቱን አጠበ፣ ተቀመጠ፣ ዘሙሩድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስትነግረው በየመሐሉ እየተደነቀ ጠየቃት። በማግሥቱ አረፋ ሲታረድ ለመጣው ወንድ ሁሉ ግን ራሱ ነው ያወራው፣ ዛፉም በየወሬው ቁመት ይጨምር ነበር።

ሰኞ ጠዋት በዳዳ እንጨት ጭኖ ሲወርድ አንዷን አህያ ባዶዋን ይዟት መጣ። ማንም አልጠየቀውም፤ ለዘወትርም እንዲሁ አደርጋለሁ አለ። ዘሙሩድ አዲስ የተሰፋ ዩኒፎርሟን ለብሳ ተቀመጠችባት፣ ከይሪያ ምርኩዙን ይዛ ከጎን ሄደች። ዳገቱ ላይ በየደጁ የቆሙ ሰዎች ሰላም ይሏቸዋል። ወዴት ነው ለሚላት ሁሉ ከይሪያ ተማሪዬን ላስረክብ ትላለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ዘበኛው ከበበ አቆማቸው። አህያዋን አየ፣ እንጨቱን አየ፣ ልጅቷን አየ።

«የማን ናት?» አለ።

ከይሪያ ልጇን ደግፋ አወረደቻት፣ ምርኩዙን አስጨበጠቻት፣ የዩኒፎርሟን አንገት አስተካከለችላት።

«የአምስተኛ ክፍል ናት» አለችው።

ከበበም በሩን ከፈተ፤ ለአንድ ሰው ከሚከፍተው ሰፋ አድርጎ።